«እንደ ቤተሰብ ነሽ» ያለችኝ ደንበኛ ዋጋ ስጨምር ፊቷ ጠቆረ

የማለዳዋ

ሰላም ለሁላችሁ። ረጅም ነው፣ ታገሡኝ።

በግሌ ቤት ማጽዳት ከጀመርኩ 9 ዓመት ሆነኝ። ድርጅት የለኝም፣ አለቃ የለኝም። ያለኝ ባልዲ፣ መወልወያና ሰባት ደንበኛ ነው። ከሰባቱ አንዷ ጋ 4 ዓመት ቆይቻለሁ፤ በየሳምንቱ ማክሰኞ ጠዋት። የቤቷን ቁልፍ ይዣለሁ። ልጇ ሲወለድ ነበርኩ፣ እናቷ ሲያርፉም ነበርኩ። «አንቺ እኮ ሠራተኛ አይደለሽም፣ ቤተሰብ ነሽ» ትለኛለች። እኔም ደስ ይለኝ ነበር፣ አልዋሽም።

በ4 ዓመት ውስጥ ዋጋዬን አንድም ቀን አልነካሁም። ሳሙናው ጨመረ፣ ትራንስፖርቱ ጨመረ፣ የቤት ኪራዬ ጨመረ። ባለፈው ሳምንት ሌሊቱን ስገላበጥ አድሬ ጠዋት መልእክት ላኩላት። ከሚቀጥለው ወር ጀምሮ ይህን ያህል እጨምራለሁ፣ ይቅርታ፣ ኑሮው ነው፣ ምናምን። ሦስት ጊዜ ይቅርታ ብያለሁ፤ በኋላ ቆጠርኩት።

መልሷ እንዲህ ነበር፦ «ውይ፣ አንቺም? ካንቺ አልጠበቅኩም። ደግሞ ጽዳት እኮ ነው፣ የሦስት ሰዓት ሥራ።»

ያቺ «እኮ» ናት የገደለችኝ።

ሦስት ሰዓቱ ምን እንደሚመስል ልንገራችሁ። የሻወሯ መስታወት ላይ ውሃው ነጭ ቅርፊት ይጥላል። አቼቶ የነከርኩትን ጨርቅ እለጥፍበትና መኝታ ቤት ገብቼ አንሶላ እቀይራለሁ። ተመልሼ ጠርዝ ጠርዙን በአሮጌ የጥርስ ብሩሽ እፈገፍጋለሁ። ከፍሳሹ ቀዳዳ የተጠቀለለ ፀጉር አወጣለሁ፤ ይሄ በእጅ እንጂ በሌላ አይሆንም። ከዚያ ከሽንት ቤት መቀመጫው ጀርባ፣ የማንም ዓይን የማያርፍበት ቦታ፣ በጉልበቴ ተንበርክኬ። ይሄ ገና አንድ ክፍል ነው። ገና ወጥ ቤት አልገባሁም።

አንድ ነገር ልጨምር። በመጀመሪያው ወር ከሶፋው ትራስ ሥር የታጠፈ ገንዘብ አገኘሁ። ጠረጴዛ ላይ አስቀመጥኩላት። በሳምንቱ እዚያው ቦታ፣ በዚያው አስተጣጠፍ፣ ደግሞ አለ። ገባኝ። ምንም አላልኩም፣ እንደገና ጠረጴዛ ላይ አስቀመጥኩ። በሦስተኛው ሳምንት አልነበረም። ፈተናውን አልፌያለሁ ማለት ነው። ቤተሰብ እንዲህ ይፈተናል እንዴ?

ምን ብዬ ልመልስላት? ወይስ ዝም ብዬ ልተወው?

ዝም_አይነቅዝም

እህቴ፣ ካልተናገሩ ደጃዝማችነት ይቀራል። 4 ዓመት ዝም ያልሽው ስህተት ነበር፤ ስህተቱን ግን አሁን ይቅርታ በማለት አታርሚውም። እኔ በየዓመቱ በተመሳሳይ ወር እጨምራለሁ። ትንሽ ነው የምጨምረው። ደንበኞቼ ወሩ ሲደርስ ራሳቸው «ዘንድሮ ስንት ሆነ?» ይሉኛል። ያንቺ ግን አራት ዓመት ተጠራቅሞ በአንድ ጠዋት ስለመጣባት ደነገጠች። ድንጋጤዋ ይገባኛል። «ጽዳት እኮ ነው» ያለችው ግን አይገባኝም።

እስቲ ለሜካኒኳ «ብሎን ማጥበቅ እኮ ነው» ትበለው።

ቁጥር_አይዋሽም

«የሦስት ሰዓት ሥራ» ስላለችው ነገር። እኔም በግሌ ነው የማጸዳው፣ ሒሳብ እወዳለሁ። አንድ ቀኔን ልዘርዝር።

ከቤት የምወጣው 1፡30 ነው። የመጀመሪያው ቤት ከ2፡30 እስከ 5፡30። ሁለተኛው ቤት ከ6፡45 እስከ 9፡45። ቤቴ የምገባው 11 ሰዓት። ደጅ የቆየሁት 9 ሰዓት ተኩል፣ የተከፈለኝ የ6 ሰዓት። በመሃል ያለው መንገድ ነው፤ መንገዱን ማንም አይከፍለኝም።

የሰዓት ዋጋዬ 100 ነው እንበል፤ የምን ገንዘብ እንደሆነ ተዉት። በ9 ሰዓት ተኩል ሲካፈል እውነተኛው የሰዓት ገቢዬ 63 ይሆናል። አላለቀም። ዓመቱ 52 ሳምንት ነው። አንድ ሳምንት ልታመም፣ ሁለት ሳምንት ልረፍ፣ ደንበኞቼ ሲጓዙና ሲሰርዙብኝ ሦስት ሳምንት ይሂድ። የሠራሁት 46 ሳምንት። 63ቱ ወደ 56 ወረደ። ከዚህ ላይ ጓንት፣ ጨርቅ፣ ሳሙና፣ ትራንስፖርት፣ ግብር ይነሳል። ለእርጅና የሚቀመጥ ካለ ደግሞ ከዚያው ነው።

ስለዚህ «በሰዓት 100 ይበዛል» የሚለኝ ሰው የሚያወራው ስለ 56ቱ መሆኑን አያውቅም። እኔም ራሴ ወረቀት ላይ እስካወጣው ድረስ አላውቅም ነበር። ያወጣሁ ቀን ማታ አልቅሻለሁ፣ እውነቴን ነው።

ከፋይዋ

እኔ ከወዲያኛው ወገን ነኝ፣ አትዝመቱብኝ።

ሁለት ልጅ አለኝ፣ ሙሉ ቀን እሠራለሁ፣ በየሁለት ሳምንቱ የምታጸዳልኝ ሴት አለች። የምትጠይቀኝ የሰዓት ዋጋ የእኔ ደሞዝ በሰዓት ሲካፈል ከሚመጣው ይበልጣል። ይሄን ስሰማ ቅር ይለኛል፣ ምን ላድርግ? ዩኒቨርሲቲ የተማርኩት እኔ ነኝ። ደግሞ ሁሉም እንደ የማለዳዋ አይደለም። አርፍዳ መጥታ ግማሹን ሰዓት ስልክ ላይ የምታወራም አጋጥማኛለች። መስታወቱን በወጥ ቤት ጨርቅ የወለወለችም አለች።

ክብር ይገባቸዋል፣ እስማማለሁ። ግን እኛም ባንክ አይደለንም።

ቁጥር_አይዋሽም

@ከፋይዋ አንዘምትብሽም፣ ደግ አደረግሽ የተናገርሽው። ግን ደሞዝሽን በሰዓት ስታካፍዪ ዓመት ፈቃድሽን ቆጥረሻል? ስትታመሚ የሚከፈልሽን? አሠሪሽ ለጡረታ የሚጨምርልሽን? ቢሮሽ ያለውን ኮምፒውተር የገዛው ማነው? እኔ ባልዲዬን የገዛሁት ራሴ ነኝ። የእኔ ዋጋ የአንድ ትንሽ ድርጅት ዋጋ ነው። ድርጅቱ አንድ ሰው ስለሆነ ነው ደሞዝ የሚመስለው።

አርፍዳ የምትመጣዋን በተመለከተ ግን ልክ ነሽ። አሰናብቻት።

ከፋይዋ

እሺ፣ ጡረታውን አላሰብኩትም። ይሄን እወስዳለሁ። «ዩኒቨርሲቲ የተማርኩት» ያልኩትንም እንደገና ሳነበው አላማረኝም።

ባለባልዲ

ወንድ ነኝ፣ በግሌ ቤት አጸዳለሁ፣ 6 ዓመቴ። ስለ ስም አንድ ነገር ልበል።

እኔ ስመጣ ለጎረቤት «የጽዳት ባለሙያው መጣ» ይላሉ። ከእኔ በፊት እዚያው ቤት ትሠራ የነበረችውን ሴት ሲያነሱ «ልጅቷ» ነው የሚሏት። ልጅቷ! ሦስት ልጅ የወለደች ሴት ናት። ሥራው አንድ ነው፣ ቤቱ አንድ ነው፣ ሻወሩ ያው ሻወር ነው። እንዲያውም እጇ ከእኔ ይሻላል፤ የወጥ ቤቱን ቅባት እንዴት እንደምታለቅቅ ያሳየችኝ እሷ ናት።

መጀመሪያ ዋጋ ስናገር ደግሞ ማንም አልተከራከረኝም። እሷ ከእኔ ባነሰ ዋጋ ነበር የምትሠራው፤ በኋላ ነው የሰማሁት። አፈርኩ። ዋጋዬን ነገርኳት። አሁን እሷም በዚያው ዋጋ ነው የምትሠራው፣ ሌላ ቦታ ግን። እዚያኛው ቤት «ልጅቷ ጠገበች» ተባለች።

እርስ በርስ ዋጋ እንነጋገር። የምንደባበቀው ለማን ብለን ነው?

ሕግ_ቀመስ

ስለ መብት ጥቂት ልጨምር፤ ብዙ ሰው የሚያምታታው ነገር ስላለ።

የዓለም ሥራ ድርጅት እ.ኤ.አ. ሰኔ 16 ቀን 2011 ስለ ቤት ውስጥ ሠራተኞች ስምምነት ቁጥር 189ን አጽድቋል። ሥራ ላይ የዋለው በ2013 ነው። ስምምነቱ የጸደቀበት ቀን አሁን የቤት ውስጥ ሠራተኞች ቀን ሆኖ ይታሰባል። ድርጅቱ በ2021 ባወጣው ግምት በዓለም ላይ 75.6 ሚሊዮን የቤት ውስጥ ሠራተኞች አሉ፤ ከአራቱ ሦስቱ ሴቶች ናቸው፣ ከአምስቱ አራቱ ደግሞ የሚሠሩት መደበኛ ባልሆነ ቅጥር ነው።

ግን ልብ በሉ። ስምምነቱ «የቤት ውስጥ ሠራተኛ» የሚለው በቅጥር ግንኙነት ውስጥ ያለውን ሰው ነው። በግሉ የሚሠራ፣ ዋጋውን ራሱ የሚቆርጥ ሰው እዚያ ውስጥ በቀጥታ አይገባም። የማለዳዋን የመሰለ ሰው ከለላው ራሱ የሚዋዋለው ውል ነው። ውል ደግሞ የግድ ማኅተም አይፈልግም፤ በስልክ የተላከ መልእክትም በብዙ ቦታ ማስረጃ ይሆናል።

ሌላው፣ አንዳንድ ሰው «በግልሽ ነው የምትሠሪው» እያለ ሰዓቱን እሱ ይወስናል፣ ዕቃውን እሱ ያቀርባል፣ ሌላ ቤት እንዳትሠሪ ይከለክላል። ይሄ ስሙ ነው የግል ሥራ የሆነው። የድርጅቱ የ2006 ምክረ ሐሳብ ቁጥር 198 የሚለው ይሄንኑ ነው፤ የሚታየው ወረቀቱ ላይ የተጻፈው ሳይሆን በተግባር ያለው ግንኙነት ነው። ዝርዝሩ በየአገሩ ይለያያል፤ እዚያው ያለ የሕግ ሰው ጠይቁ።

ባለባልዲ

@ሕግ_ቀመስ ወንድሜ፣ እኔ ሁለቱንም ሆኜ አውቃለሁ። ሲጠቅማቸው «ተቀጣሪ» ነበርኩ፤ ስታመም ጊዜ «በግልህ ነህ» ተባልኩ።

አዲስ_ገቢ

ሰላም፣ ሥራውን ከጀመርኩ ገና ሁለት ወር ነው። በሰዓት ልጠይቅ ወይስ በቤት? የመጀመሪያ ደንበኛዬ ጋ በሰዓት ተስማማን። መጀመሪያ 4 ሰዓት ይፈጅብኝ ነበር፣ አሁን ቤቱን ለምጄ በ3 እጨርሳለሁ። እና ክፍያዬ ቀነሰ። ጎበዝ በመሆኔ ተቀጣሁ ማለት ነው?

ዝም_አይነቅዝም

አዎ፣ ተቀጣሽ። በሰዓት መሥራት ቀስ የሚለውን ነው የሚጠቅመው። በቤት ጠይቂ።

ቁጥር_አይዋሽም

እኔ አልስማማም፣ ቢያንስ ሙሉ በሙሉ። በቤት የተስማማሁበት ሰው አንድ ቀን ድግስ አድርጎ ጠበቀኝ። ምንጣፉ ላይ የፈሰሰው፣ ምድጃው ላይ የደረቀው፣ ሳህኑ ሁሉ። «ያው ቤቱ ነው» አለኝ። 6 ሰዓት ሠርቼ የ3 ተከፈለኝ።

አሁን እንዲህ ነው የማደርገው። የመጀመሪያው ቀን ጽዳት በሰዓት ነው፣ ምክንያቱም የስንት ወር ቆሻሻ እንደተኛበት አላውቅም። ከዚያ በኋላ በቤት፣ ግን ዝርዝር አለው። ሳሎን፣ መኝታ ቤት፣ ሻወር፣ ወጥ ቤት። የፍሪጅ ውስጥ፣ የምድጃ ውስጥ፣ መስኮት በውጭ በኩል፣ በረንዳ፣ እነዚህ ዝርዝሩ ውስጥ የሉም፤ ከተፈለጉ ለየብቻ ይከፈላል። «እግረ መንገድሽን» የምትባለዋ ቃል ስንት ሰዓት እንደበላችብኝ!

አዲስ_ገቢ

«እግረ መንገድሽን» 😂 ትናንት የልጆቹን ጫማ አጥቤያለሁ። እግረ መንገዴን።

እናት_ወለል

ልጆቼ፣ እኔ 31 ዓመት የሰው ቤት አጽድቼ አሁን አርፌያለሁ። ጽሑፍ ላይ ብዙም አይደለሁም፣ የምለውን የልጅ ልጄ ነች የምትጽፍልኝ።

ስለ ገንዘቡ ተነጋገራችሁ፣ ጥሩ ነው። ስለ አካላችሁም ተነጋገሩ። የእኔ ቀኝ ጉልበት ከፊት ለፊት አብጦ እንደ እንቁላል ሆኖ ነበር። ሐኪሙ አይቶ «ወለል ላይ ስትንበረከኪ የኖርሽ ሴት ነሽ አይደል?» አለኝ። ሳልነግረው! የጉልበት መከለያ ላይ ያለች ከረጢት ናት አሉ፣ ስትጫን ስትጫን ውሃ ትቋጥራለች። ወፍራም ነገር ሳታነጥፉ አትንበርከኩ። እኔ የታጠፈ ፎጣ መያዝ የጀመርኩት ከረፈደ በኋላ ነው።

ሌላው በረኪና ነው። አንድ ሴትዮ በረኪናውንና የሽንት ቤቱን አሲድ «አንድ ላይ አድርጊው፣ ይበረታል» አሉኝ። እኔም እሺ ብዬ ቀላቀልኩ። ጠባብ ክፍል፣ መስኮት የለ። ጉሮሮዬ ተዘጋ፣ ዓይኔ ነደደ፣ በሩን በዳሰሳ ነው ያገኘሁት። ሁለት ቀን ሳል አላስተኛኝም። ያጸዳሁበት ተከፈለኝ፤ የተኛሁበት ሁለት ቀን ግን አልተከፈለኝም። «አይዞሽ» አሉኝ። በቃ።

ሕግ_ቀመስ

እናቴ፣ እንኳን ተረፉ። ለሚያነቡ ሁሉ፦ በረኪና ከአሲድ ጋር ሲገናኝ የክሎሪን ጋዝ ይወጣል። አቼቶም አሲድ ነው። አሞኒያ ካለበት ማጽጃ ጋር ሲገናኝ ደግሞ ክሎራሚን የሚባል ሌላ መርዛማ ጋዝ ይወጣል። ሁለቱም ሳንባን ይጎዳሉ። በረኪና ከውሃ በስተቀር ከምንም ጋር አይቀላቀልም።

የማለዳዋ

እናቴ፣ እጅዎን እስማለሁ። ታሪክዎን ሁለቴ አነበብኩት።

ይኸው እንግዲህ፣ «ጽዳት እኮ ነው» የሚሉት። የትኛው ከየትኛው ጋር እንደማይገናኝ ማወቅ ሥራ ነው። እብነ በረድ ላይ አቼቶ ካፈሰስሽ ድንጋዩን ይበላዋል፣ አንጸባራቂው ይጠፋል። በረኪና ቀብተሽ ወዲያው ከጠረግሽው ጀርሙን አልገደልሽም፣ ሽታውን ብቻ ነው የተውሽው፤ ጥቂት ደቂቃ መቆየት አለበት። ማጽዳት ከላይ ወደ ታች ነው፣ አለዚያ አቧራው የወለወልሽው ወለል ላይ ይወርዳል። የሽንት ቤት ጨርቅ ሌላ፣ የወጥ ቤት ጨርቅ ሌላ። እኔ በቀለም ነው የምለያቸው። ይሄን ማንም አላስተማረኝም። 9 ዓመት ነው ያስተማረኝ።

ከፋይዋ

ጥያቄ አለኝ፣ ከልቤ ነው። ክብር ማለት ለእናንተ ምንድነው? እኔ ቡና ላፍላ፣ አብረን እንቀመጥ እላታለሁ፣ ሁልጊዜ እምቢ ትላለች። ኩራት መስሎኝ ነበር።

ባለባልዲ

እህቴ፣ ቡናው የስንት ደቂቃ ነው? ሁለተኛ ቤት እየጠበቃት ከሆነ ያስጨንቃታል። እምቢ ስትልሽ ደግሞ እንዳይከፋሽ ትፈራለች። መጀመሪያ «ዛሬ ትቸኩያለሽ?» ብለሽ ጠይቂያት።

ለእኔ ክብር ማለት፣ በማታ «ነገ አትምጣ» አለመባል ነው። ያ ቀን እኮ ለሌላ ሰው ሊሰጥ ይችል ነበር።

አዲስ_ገቢ

ለእኔ ሽንት ቤቱን መጠቀም መቻል። አንድ ቤት «ውጭ ያለውን ተጠቀሚ» ተብያለሁ። ያጸዳሁት ሽንት ቤት እዚያው ቤት ውስጥ እያለ።

ዝም_አይነቅዝም

ሥራው ባለቀ ዕለት መክፈል። «ዝርዝር የለኝም፣ ቅዳሜ» የለም። ስልክ ላይ ገንዘብ መላክ እየተቻለ ዝርዝር ምን ያደርጋል?

ደግሞ ዕቃ ሲጠፋ መጀመሪያ እኔን አለመጠየቅ። ሁለት ጊዜ ተጠይቄ ሁለቱንም ጊዜ ዕቃው የተገኘው ኪሳቸው ውስጥ ነው። ይቅርታ የጠየቀኝ አንዱ ብቻ ነው።

ከፋይዋ

ማታ የሰረዝኩባት ቀን አለ። ባለፈው ወር፣ ልጄ ታሞብኝ። መክፈል ነበረብኝ?

ቁጥር_አይዋሽም

እኔ ከ24 ሰዓት ባነሰ ጊዜ ከተሰረዘብኝ ግማሹን እጠይቃለሁ። የታመመ ልጅ ከሆነ ግን አንዴ አልፋለሁ። ሰው ነን። ሕጉን ቀድሜ ስለተናገርኩ ሳልፍ ውለታ ይሆናል። ሳልናገር ብቀር ግን የሚቆጠረው እንደ ልማድ ነው።

@የማለዳዋ መልሱን ጠይቀሽ ነበር። እኔ ብሆን ይሄን እልክላታለሁ፤ ከፈለግሽ ቀይሪው፦

«እንደምን ዋልሽ። መልእክትሽን አይቻለሁ። አዲሱ ዋጋ ከሚቀጥለው ወር መጀመሪያ ጀምሮ ነው። በ4 ዓመት ውስጥ የመጀመሪያው ጭማሪ ነው። የማክሰኞ ቀንሽን እስከ ዓርብ እይዝልሻለሁ፤ የማይመችሽ ከሆነ እስከዚያ አሳውቂኝ፣ ቁልፉን አመጣልሻለሁ።»

ይቅርታ የሚለው ቃል የለበትም። ስለ ኪራይሽም አታውሪ። ኑሮሽን ስትዘረዝሪላት ልመና ይመስልና ትራራልሽ ወይም ትከራከርሽ ይሆናል፤ አንቺ የምትፈልጊው ግን እሺ ወይም እምቢ ብቻ ነው።

የማለዳዋ

«ቁልፉን አመጣልሻለሁ» የሚለውን ሳነበው ሆዴ ባባ። ልጇን አቅፌ አሳድጌዋለሁ እኮ። ግን ትክክል ነው። እልከዋለሁ።

እናት_ወለል

ላኪው ልጄ። ልጁን መውደድሽ ሌላ፣ ሒሳብሽ ሌላ ነው። እኔ ቀላቅዬው ነው 31 ዓመት የኖርኩት።

የማለዳዋ

ተመልሻለሁ። ብዙዎቻችሁ በውስጥ መስመር ምን ሆነ ብላችሁኛል።

ላክሁት። አንድ ቀን ሙሉ ዝም አለች። በዚያ ቀን እጄ ሥራ ላይ አልነበረም፤ ሌላ ደንበኛ ቤት አንድ ብርጭቆ ሰበርኩ። ነገርኳቸው፣ «ብርጭቆ ነው፣ እጅሽን አልቆረጠሽም?» አሉኝ። እንዲህ ያለም ሰው አለ፣ ይመዝገብልኝ።

ሐሙስ ማታ መለሰች። «እሺ፣ ይሁን። ባለቤቴም ተገቢ ነው አለ።» ባለቤቷ 4 ዓመት ሙሉ «ሰላም ነሽ?» ብሎኝ የሚያልፍ ሰው ነው፣ እሱ ይላል ብዬ አላሰብኩም ነበር።

ቀጥላ ደግሞ ጻፈች፦ «እንግዲህ ዋጋው ከጨመረ ፍሪጁንም እግረ መንገድሽን ታይልኛለሽ አይደል?»

አዲስ_ገቢ

እግረ መንገድሽን 😂😂😂

ዝም_አይነቅዝም

እና ምን አልሻት?

የማለዳዋ

የፍሪጁን ዋጋ ላኩላት። ለብቻው።

እስካሁን አልመለሰችም። ማክሰኞ እሄዳለሁ፣ ሻወሩን አጸዳለሁ፣ ፍሪጁን አልከፍተውም። እናቴ ያሉትን ሰምቼ ለጉልበቴ ወፍራም ስፖንጅ ገዝቻለሁ፤ እሱን ይዤ ነው የምሄደው።